በእጅ ለተሠራች መኪና የኤክስፓንሽን ታንክ፦ የቱን? የት?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ከጓደኛዬ ጋር አዳማ ውስጥ በሎተስ ሰቨን ቅርፅ መኪና እየሠራን ነው። ቻሲሱን በቱቦላሬ በይደናል። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላ አክስሉ ከአሮጌ ላዳ ታክሲ ነው የወጡት። አፍንጫዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ራዲያተሩ ከሞተሩ አናት በታች ቀርቷል። ሂተሩን አውጥተን ቀዳዳዎቹን ደፍነናል። ግማሽ ሊትር የምትይዝ የአሉሚኒየም ታንክ ገዝተን ከሞተሩ ጎን ዝቅ አድርገን አስረናታል። ከራዲያተሩ ክዳን ስር የሚወጣው ቀጭን ቱቦ አናቷ ላይ ይገባል፤ የራሷም የግፊት ክዳን አላት። ከተማ ውስጥ ደህና ናት። በአሰላ መንገድ ዴራን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ግን ሙቀት ትሠራለች። ስናቆማት ከታንኩ ክዳን ውሃ ትተፋለች። ጌጁ አንዴ ዘሎ ይወጣል፣ አንዴ ጭራሽ ይወርዳል። የላዳውን ፕላስቲክ እንመልስ? የጎልፍ ክብ ታንክ እንግዛ? ወይስ ትልቅ አሉሚኒየም እናሠራ? የትስ እንሰረው? ደግሞ አረንጓዴ ኩላንት ይሻላል ወይስ ቀይ?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እጃችሁ ይባረክ። ላዳን መምረጣችሁ ጥሩ ነው። ሞተሩ በቁመት ይቀመጣል፣ የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው፣ ዕቃውም አይጠፋም። ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ሎተስ ሰቨንን ሲያወጣም ሐሳቡ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ቀላል ቻሲስ፣ ከተራ መኪና የተወሰደ ሞተር፣ ሌላው ትርፍ ነው። ያ ዝቅ ያለ አፍንጫ ያምራል። የውሃውን ነገር የሚያወሳስበውም እሱው ነው።

የታንኩን ጥያቄ ባጭሩ ልመልስ። ኤክስፓንሽን ታንክ ማለት የሞተሩ ውሃ ሞቆ ሲነፋ ትርፉ ቦታ የሚያገኝበት ዕቃ ነው። 1.5 ሊትር አካባቢ የሚይዝ፣ ግፊት የሚችል ታንክ አሠሩ። ከሞተሩ የውሃ መንገድ ሁሉ በላይ እሰሩት። የግፊት ክዳን ደግሞ እሱ ላይ ብቻ ይኑር። ግን ይህችን ብቻ ይዛችሁ ብየዳ ቤት እንዳትሄዱ። ምክንያቱ ካልገባችሁ ታንኩ ይቀየርና ችግሩ እዚያው ይቀመጣል።

እናንተን ያስቸገራችሁ የውሃ ማነስ አይመስለኝም። አየር ነው። ጌጁ ራሱ ይናገራል። የሙቀት ሴንሰሩ በትክክል የሚያነበው ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ነው። አየር ወይም እንፋሎት ሲከበው ንባቡ ይወርዳል፣ ትኩስ ውሃ ድንገት ሲነካው ይዘላል። ስለዚህ ዳገት ላይ ጌጁ ሲወርድ «ተመስገን፣ በረደች» ብላችሁ ጋዝ እንዳትሰጡ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ያለው ውሃ እየፈላ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ አጣሩ። መኪናዋ ደጋግማ ሙቀት ከሠራች የቴስታታው ጋስኬት (ከብሎኩ ጋር የሚያሽገው ስስ ማሸጊያ) ተነክቶ ሊሆን ይችላል። የላዳ ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፣ ብሎኩ ብረት፤ ከመጠን በላይ ሲግል ቴስታታው ይጣመማል። ጠዋት ሞተሩ ፍፁም ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈቱ፣ ውሃ ሙሉ፣ አስነሱት። አየር ወጥቶ ካለቀ በኋላም አረፋ ሳያቋርጥ የሚመጣ ከሆነ፣ ጋዝ ስትሰጡም የሚብስ ከሆነ፣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ሌላው ምልክት ክዳኑ ተዘግቶ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ጎማ (ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው ወፍራም የውሃ ቱቦ) ድንጋይ ሲሆን ነው። ይህን የትኛውም ታንክ አያድነውም። ቴስታታው ይውረድና ተስተካክሎ ይመለስ።

ጋስኬቱ ደህና ነው እንበል። ወደ ታንኩ እንምጣ።

መንገድ ላይ የምታዩዋቸው መኪኖች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው እንደ አሮጌው ኮሮላና እንደ ላዳችሁ ያለው ነው። የግፊት ክዳኑ ራዲያተሩ ላይ ነው፣ ጎን ያለው ፕላስቲክ የትርፍ ውሃ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ውሃው ሲሞቅ ይነፋል፣ ክዳኑ ይከፈትና ትርፉ ወደ ፕላስቲኩ ይሄዳል። ሲቀዘቅዝ ክዳኑ መሃል ያለችው ትንሿ ቫልቭ ተከፍታ ያንኑ ውሃ መልሳ ትስባለች። እዚህ ፕላስቲኩ የግፊት ክዳን የለውም፤ መተንፈስ አለበት። የሚመለሰውን ውሃ የሚያቀብለው ቱቦም እስከ ታች ጠልቆ መድረስ አለበት።

ሁለተኛው እንደ ጎልፍ ያለው ነው። ራዲያተሩ ላይ ክዳን የለም። ታንኩ ራሱ ግፊት ውስጥ ነው፣ ክዳኑም እሱ ላይ ነው። ከሞተሩና ከራዲያተሩ አናት ቀጫጭን ቱቦዎች አየሩን ወደ ታንኩ ያመጣሉ። ከታንኩ ሥር ወፍራም ቱቦ ወጥቶ ውሃውን ወደ ፓምፑ መሳቢያ ይመልሳል። አየሩ ላይ ይቀራል፣ ውሃው ብቻ ይወርዳል። መኪናው በሄደ ቁጥር ራሱን ያጠራል።

እናንተ ሁለቱን ቀላቅላችኋል። የሁለተኛውን ታንክ ገዝታችሁ በአንደኛው መንገድ አስራችኋታል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን አስቡት። ራዲያተሩ መልሶ መሳብ ይፈልጋል፤ ቱቦው ግን የገባው ታንኳ አናት ላይ ነው። ስለዚህ የሚስበው አየር ነው። ያ አየር ደግሞ ከፍ ያለውን ቦታ ይፈልጋል፣ በእናንተ መኪና ከፍ ያለው ቴስታታው ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጠራቀማል። ከተማ ውስጥ አይሰማችሁም፣ ዳገት ላይ ይፈርዳል።

ከዚህ የባሰም አለ። ሁለት የግፊት ክዳን አንድ መስመር ላይ ተደርድሯል። የላዳ ራዲያተር ክዳን በ0.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው የሚከፈተው። ከኋላው ያለችው ታንክ ተዘግታ የራሷን ግፊት ስትይዝ ግን ያ ግፊት የራዲያተሩን ክዳን ከጀርባው ይጫነዋል፤ ሁለቱ ይደመራሉ። ታንኳ ላይ ያለው ባለ 0.9 ከሆነ ራዲያተሩ 1.4 ባር ድረስ ሊጨነቅ ይችላል። የታክሲ ዕድሜውን የጨረሰ የላዳ ራዲያተር ለዚህ አልተሠራም።

ግፊት ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ የአዳማ ሰው ከባሕር ዳርቻ ሰው በላይ ሊያውቅ ይገባዋል። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ክዳን በሌለው ዕቃ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ወይም በ95 ዲግሪ ነው እንጂ በ100 አይደለም። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወደ 92 ይወርዳል። ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ትኩስ ሞተር ደግሞ 90 ዲግሪ ላይ መሥራቱ ጤናማ ነው፤ ያለ ግፊት ከመፍላት የሚለየው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። 0.5 ባር የሚይዝ ክዳን አዳማ ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 108 ያደርሰዋል። 0.9 ባር ወደ 116 ይወስደዋል። ይህ ንጹህ ውሃ ሲሆን ነው፤ ግማሽ በግማሽ ኩላንት ሲሆን ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። እናንተ ወደ አሰላ ስትወጡ ሞተሩ ይበልጥ ይደክማል፣ የመፍያው ነጥብም አብሮ እየወረደ ይመጣል። ዳገቱ የሚያጋልጣችሁ ለዚህ ነው።

ታዲያ የቱ ታንክ?

የጎልፉን ክብ ፕላስቲክ አልጠላውም። ውሃው ከውጭ ይታያል፣ ቱቦዎቹ በትክክለኛው ቦታ ናቸው። ክዳኑ ነው የሚያሳስበኝ። ብዙዎቹ ከ1.4 ባር ጀምረው ነው የሚከፈቱት፣ ጥርሱም የራሱ ስለሆነ ዝቅ ያለ ክዳን አፈላልጎ መግጠም አድካሚ ነው። ያገለገለ ሲሆን ደግሞ ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኖ፣ መጋጠሚያው መስመር ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይዞ ይመጣል። ቅርፁ ክብ በመሆኑም ከእናንተ ዝቅተኛ ኮፈን ስር የሚገባ አይመስለኝም።

የላዳው ፕላስቲክ ግፊት አይችልም። እንደ ኤክስፓንሽን ታንክ አትጠቀሙበት። ሌላ ሥራ አለው፣ እመለስበታለሁ።

እኔ ብሆን አሉሚኒየም አሠራለሁ። አርጎን ብየዳ የሚችል ሰው ፈልጉ። ጠፍጣፋና ሰፊ ይሁን፣ ቁመቱ ኮፈኑ የሚፈቅደውን ያህል። የራዲያተር አፍ ከተጣለ የቶዮታ ራዲያተር ላይ ቆርጣችሁ አታስበይዱ፤ ብዙ ጊዜ ወይ ነሐስ ነው ወይ ፕላስቲክ። አዲስ የአሉሚኒየም አፍ ግዙ። ጥቅሙ ይኼ ነው፦ በየመለዋወጫ ሱቁ ያለው የጃፓን ክዳን ይገጥምለታል፣ ግፊቱንም እናንተ ትመርጣላችሁ። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 88 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ሁለቱም አንድ ነው፣ አንዱ በኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር (ከባር ብዙም አይለይም)፣ ሌላው በኪሎ ፓስካል። የአፉ ጥልቀትና የክዳኑ ምላስ መመጣጠናቸውን ግን ሱቁ ውስጥ ገጥማችሁ እዩ። ካልተመጣጠኑ ቁጥሩ ምንም ይበል ምን ግፊት አይያዝም። የመጀመሪያው የላዳ ራዲያተር እስካለ ድረስ በ0.5 ቆዩ። ራዲያተሩንና የውሃ ጎማዎቹን በአዲስ ስትቀይሩ ወደ 0.9 መውጣት ትችላላችሁ። ክዳን የሚመረጠው ከመስመሩ ውስጥ በጣም ደካማ የሆነውን ዕቃ አይቶ ነው።

መጠኑን በግምት አትወስኑ። ያለውን ውሃ ባልዲ ላይ አፍስሱና ለኩ። ላዳ ከነሂተሩ ወደ 10 ሊትር ይጠጋል፤ እናንተ ሂተሩን ስላወጣችሁ 8 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ውሃ ከቀዝቃዛ እስከ 95 ዲግሪ ሲሞቅ በ4 በመቶ ገደማ ይነፋል፣ ኩላንት የተቀላቀለበት ትንሽ ይበልጣል። ለ8 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ያዙ። ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። ዳገትና ጥምዝ ላይ የታችኛው ቀዳዳ አየር እንዳይስብ ግማሽ ሊትር የሚሆን ውሃ ሁልጊዜ ታች መቅረት አለበት። ላይ ደግሞ ውሃው ነፍቶም ቢሆን የሚጨመቅ አየር መኖር አለበት፣ አለበለዚያ ክዳኑ በየጉዞው ይተፋል። ደምሩት፤ 1.5 ሊትር የሚለው ከዚህ መጣ። የእናንተዋ ግማሽ ሊትር ለመንፋቱ ብቻ እንኳ ጠባብ ናት።

ቦታው ላይ ግትር ነኝ። የታንኩ ታች ከሞተሩ ከፍተኛ የውሃ ነጥብ በላይ ይሁን። ካልተቻለ ቢያንስ ቀዝቃዛው የውሃ ልክ ከዚያ ነጥብ በላይ ይሁን። ነጥቡን በዓይን አትገምቱ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ውሃ የተሞላ ግልፅ ቱቦ ዘርጉ፤ ግንበኛ ልክ የሚያወጣበት ዘዴ ማለት ነው። የላዳ የላይኛው ጎማ የሚወጣው ከቴስታታው ፊት ለፊት ነው፣ ሞተሩ ወደ ካምቢዮው ትንሽ ስለሚያዘቀዝቅ እሱ ከፍተኛው ሊሆን ይችላል። ግን ካርቡሬተሩ የተቀመጠበትን ማኒፎልድ የሚያሞቀውን የውሃ ቱቦም ተመልከቱ፤ አየር እዚያ መደበቅ ይወዳል።

ለእናንተ የቀረው ቦታ ሞተሩንና መቀመጫውን በሚለየው ላሜራ ላይ፣ ከላይ ጥግ ነው። ጭስ ማውጫው ባለበት ጎን አይሁን። በጎማ ማስቀመጫ ላይ በሁለት ቦታ እሰሩት፤ የላዳ ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ በቀጥታ ላሜራው ላይ የታሰረ አሉሚኒየም ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። ኮፈኑ አልዘጋ ካለ ኮፈኑን ቀድዳችሁ ጉብ ያለ ሽፋን ሥሩለት። ማስጌጥ ይቻላል። ታንኩን ወደ መቀመጫው ጎን ማሳለፍ ግን አይታሰብም። ያ ከፈነዳ ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ ጭናችሁ ላይ ነው የሚወርደው። ከክዳኑ አፍ የሚወጣውን ቱቦም ከጭስ ማውጫው፣ ከጎማና ከእግራችሁ አርቃችሁ ወደ ታች አውርዱት። የላዳው ፕላስቲክ ሥራው እዚህ ነው፤ ተከፍቶ የሚተነፍስ የትርፍ መቀበያ ይሁን። መሬት ላይ ከምታፈሱት እሱ ውስጥ ቢጠራቀም ስንት እንደተፋች ታውቃላችሁ።

አሁን ቱቦዎቹ። እዚህ ሂተሩን ማውጣታችሁ ጠቅሟችኋል። ከሂተሩ ተመልሶ ወደ ውሃ ፓምፑ የሚገባ የብረት ቱቦ ሞተሩ ጎን ላይ አለ። ደፍናችሁታል፤ ክፈቱት። ከታንኩ ሥር የሚወርደው ወፍራም ጎማ የሚገባው እዚያ ነው። 16 ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ የሚበልጥ የውስጥ ስፋት ይበቃል። መሄጃው ወደላይ የማይታጠፍ፣ ያለማቋረጥ ቁልቁል የሚወርድ ይሁን። ይህ ፓምፑ መሳቢያ ላይ ሁልጊዜ ግፊት ያለው ውሃ እንዲያገኝ ያደርጋል፤ ዳገት ላይ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር እዚያው መሳቢያው ላይ አረፋ እንዳይፈጥር።

የአየር ማውጫዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ከሞተሩ ከፍተኛ ነጥብ፣ አንዱ ከራዲያተሩ አናት። የውስጥ ስፋታቸው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። ሁለቱም ታንኩ አናት አካባቢ፣ ከውሃው ልክ በላይ ይግቡ፤ እስከ ታንኩ ድረስም ሽቅብ ብቻ ይሂዱ። መሃላቸው ላይ ደግሞ 2.5 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላት ማጥበቢያ አድርጉባቸው። ብዙ ሰው ይህችን ይዘልላታል። ቱቦው ሰፊ ከሆነ ትኩስ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ በታንኩ በኩል አቋርጦ ወደ ፓምፑ ይመለሳል፣ ታንኩ ውስጥም እየተናጠ አየሩን መልሶ ይወስዳል። አየር እንዲለይ ውሃው ታንኩ ውስጥ ረጋ ማለት አለበት።

ራዲያተሩ ላይ ያለውን የድሮ ክዳን ግፊት በማይለቅ ድፍን ክዳን ተኩት፣ ቀጭኗንም ቱቦ ዝጉ። እንደዚያ ካላደረጋችሁ ታንኩ ላይ የፈለጋችሁትን ክዳን ብትገጥሙ የሚወስነው ታች ያለው ነው።

«ይህን ሁሉ የማሠራበት ገንዘብ አሁን የለኝም» ካልክ ርካሽ መንገድ አለ። በላይኛው ጎማ መሃል የምትገባ፣ የራዲያተር አፍ ያላት አጭር የብረት ቱቦ አሠራ። የመስመሩ ከፍተኛ ቦታ እሷ እንድትሆን ጎማውን አቃና። የግፊት ክዳኑ እሷ ላይ ይሁን፣ ራዲያተሩ ይደፈን። ከእሷ አፍ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ወደ ላዳው ፕላስቲክ ይሂድ፣ ቱቦውም እስከ ፕላስቲኩ ታች ይድረስ። በዚህኛው አሠራር ፕላስቲኩ ዝቅ ቢል ችግር የለም፤ ውሃው በመሳብ ነው የሚመለሰው። ክዳኑ ግን ከላይ ያለው የራሱ የጎማ ማሸጊያ ያልደረቀ፣ መሃሉ ላይ ያለችው ቫልቭ የምትሠራ መሆን አለበት። ይሠራል። ግን አየሩን እየሄደ አያጠራም፣ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ከፍቶ ማየት የእናንተ ሥራ ይሆናል።

ተርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥታችሁ ጥላችሁት እንደሆነ አልነገርከኝም። እዚህ አካባቢ «አዳማ ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ የሚጥል መካኒክ አይጠፋም። የላዳ ተርሞስታት ሦስት አፍ ያለው ነው፣ ከሞተሩ ወደ ፓምፑ በአቋራጭ የሚመለሰውን መስመር የሚዘጋውም እሱ ነው። እሱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ከቀረ ግማሹ ውሃ ራዲያተር ጋ ሳይደርስ ይዞራል። ለማብረድ ብለው ያወጡት ያሞቃል። ይመለስ።

አፍንጫዋ የምትውጠው አየርም በራዲያተሩ ውስጥ እንጂ በጎኑ እንዳያልፍ ክፍተቱን በላሜራ ዝጉት። ብዙ አላብራራውም፣ ያያችሁት ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን።

ስትሞሉ በታንኩ በኩል ቀስ ብላችሁ ሙሉ፣ ጎማዎቹን በእጅ እየጨመቃችሁ። ክዳኑን ሳትዘጉ አስነሱና የራዲያተሩ የታችኛው ጎማ እስኪሞቅ ጠብቁ። የወረደውን ጨምሩ፣ ዝጉ። ታንኩ አሉሚኒየም ስለሆነ ውስጡ አይታይም፤ ጎኑ ላይ ከታች ወደ ላይ የምትሄድ ግልፅ ቱቦ ብታስገቡበት ደስ ይለኛል፣ ሙቀትና ግፊት የምትችል ከሆነች ብቻ። ካልተገኘች ውስጡ ላይ የልክ ምልክት ይበየድ። ከሞቀ በኋላ ክዳን አይነካም። ጨርቅ አድርጌም፣ ትንሽ ብቻ ላላም አይሠራም፤ እስኪበርድ ቁጭ በሉ።

የኩላንቱ ቀለም የቀረው ነው። ቀለም የፋብሪካው ምርጫ እንጂ የጥራት ምልክት አይደለም። አንዱ አረንጓዴ ከሌላው አረንጓዴ ሊለይ ይችላል። ቀለሙን ሳይሆን ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ለአሉሚኒየም የሚሆን መሆኑን እዩ፣ ሁለት ዓይነት አትቀላቅሉ። «አዳማ በረዶ የለም፣ ውሃ ብቻ ይበቃል» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ብረት ብሎክ፣ አሉሚኒየም ቴስታታ፣ አሁን ደግሞ አሉሚኒየም ታንክ አንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ አንዱን ይበላል፤ ኩላንቱ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው። የምታቀጥኑት በተጣራ ውሃ ይሁን፣ ከቧንቧ አትቅዱ። ከባትሪ ሱቅ የምትገዙት ከሆነም ጠርሙሱን ሁለቴ እዩት፤ አጠገቡ የሚቀመጠው አሲድ በመልክ ከውሃ አይለይም።